ሲስተሙ ሲወድቅ መሪው የት ይቁም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳነባቸው የጻፏቸው ሰዎች የማይተዋወቁ ቢሆኑም ሁሉም ስለ አንድ ሌሊት የሚያወሩ ነው የመሰለኝ። ሲስተም ይወድቃል፣ ስልክ ይጮሃል፣ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ሲነጋ ሲስተሙ ይመለሳል፣ ሰዉ ግን ተቀያይሞና ደክሞ ይቀራል። እኔም ብዙ ዓመት የአይቲ ኦፕሬሽን ላይ ሰርቻለሁ፣ ቲምም መርቻለሁ፣ ስለዚህ ጉዳዩ የምር ይመለከተኛል፣ የዚህን ወር ገጽ ሙሉውን ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ የዘጠኝ ዴቨሎፐሮች ቲም ሊደር ነኝ። ባለፈው የክፍያ ሲስተማችን አምስት ሰዓት ሙሉ ዳውን ሆነብን። ኮል (የጋራ ስልክ) ላይ አስራ ምናምን ሰው ነበር፣ አንዱ ሰርቨር ሪስታርት ያደርጋል፣ አንዱ ኮንፊግ (የሲስተሙን ቅንብር) ይቀይራል፣ አንዱ ሎግ (ሲስተሙ የሚጽፈውን መዝገብ) እያነበበ ይጮሃል፣ ማን ምን እንደነካ እስካሁን በትክክል አናውቅም። እኔ አንድ ሰው ይምራው ስል "እኛ እኮ አጃይል ነን፣ ቲሙ ራሱን ነው የሚመራው" አሉኝ። አጃይል የምር እንዲህ ባለ ቀን ይሰራል ወይስ ለሰላም ጊዜ ብቻ ነው?

መልስ፦ ይሰራል ወንድሜ፣ እንዲያውም ዋጋው የሚታየው በእንዲህ ያለ ቀን ነው፣ ግን የዛን ቀን እናንተ ጋ የነበረው አጃይል ሳይሆን ግርግር ነው።

በፈረንጆቹ 2001 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች አሜሪካ ዩታ ውስጥ ተሰብስበው ይሄን የሶፍትዌር አሰራር አጃይል ብለው ሲሰይሙት ከመሰረቱ ያሉት እቅድህ ላይ ሙጭጭ አትበል፣ ነገሩ ሲቀየር አንተም ተቀየር ነው። ወደ ስራ ሲወርድ ምን ማለት ነው፣ ትንሽ ነገር ትሰራለህ፣ ውጤቱን ቶሎ ታያለህ፣ ባየኸው ላይ ተነስተህ ቀጣዩን ትወስናለህ። በሰላሙ ጊዜ ይሄ ዙር ሁለት ሳምንት ነው፣ ስፕሪንት ትሉታላችሁ። ሲስተም የወደቀ ቀን ያው ዙር ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ስታንድአፕ (አጭር የቁም ስብሰባ) አለው፣ ስራው የሚለጠፍበት ቦርድ አለው፣ የቱ ይቅደም የሚለውን የሚወስን ሰው አለው። "ቲሙ ራሱን ይመራል" ሲባል ደግሞ ስራውን እንዴት እንደሚሰራ ባለሙያው ይወስናል ለማለት ነው እንጂ ያሻው ተነስቶ ፕሮዳክሽን (ደንበኛ የሚጠቀምበትን ሲስተም) ይነካል ለማለት አይደለም።

ማን ያዛል የሚለውን የአይቲ ሰዎች የተማርነው ከእሳት አጥፊዎች ነው። በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጫካ እሳት ተነስቶ 16 ሰው ከገደለ በኋላ ምን ጎደለን ብለው ሲያጠኑ የከበዳቸው የውሃና የመኪና ነገር ብቻ አልነበረም፣ ከየቦታው የመጡት ቡድኖች በአንድ አዛዥ ስር አልነበሩም፣ ለአንድ ነገር የተለያየ ስም ነበራቸው፣ በሬዲዮ እንኳን በቅጡ መነጋገር አልቻሉም። ከዛ ያወጡት አሰራር እስከዛሬ ይሰራበታል። አንድ አዛዥ ይኖራል፣ አንድ ሰው በቀጥታ የሚያዘው ደግሞ ከሶስት እስከ ሰባት ሰው ነው፣ ከዛ ካለፈ ይከፋፈላል። አስራ ምናምን ሰው ኮል ላይ ካለህ እንግዲህ ግማሹ መውጣት አለበት፣ "ስንፈልግህ እንጠራሃለን፣ ስልክህን ክፍት አድርግ" ብሎ ማስወጣት ነውር የለውም።

አዛዡ ኪቦርድ አይነካም። ይሄን ሁሌ አጥብቄ ነው የምናገረው ምክንያቱም ዋጋውን ከፍዬበታለሁ። ድሮ እሰራበት የነበረ አንድ ድርጅት ውስጥ ሌሊት ላይ ዳታቤዛችን ተንቀራፈፈና ቲሙን የምመራው እኔ ስለነበርኩ፣ ሲስተሙንም ከሁሉም የተሻለ አውቀዋለሁ ብዬ ስለማምን፣ ሎግ ውስጥ ገባሁ። አንዲት መስመር ላይ ተተክዬ ሳለሁ አንዱ ልጅ ስራውን ወደ ተጠባባቂው ዳታቤዝ ማዞር ጀመረ፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ ተጠባባቂ ሪስታርት አደረገው። ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ነበሩ፣ ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፣ ግን አንዱ ሌላውን አያይም፣ ሁለቱንም ማየት የነበረብኝ እኔ ደግሞ ስክሪኔ ላይ ተደፍቼ ነበር። በደቂቃዎች ያልቅ የነበረ ነገር ሲነጋ አለቀ። ከዛ ቀን በኋላ ኢንሲደንት (እንዲህ ያለ ብልሽት) ስመራ ላፕቶፔ ላይ የሚከፈተው አንድ ዶክመንት ብቻ ነው፣ በየዙሩ ደግሞ አራት መስመር ይጻፍበታል። ይሄን ይመስላል፦

8፡10። ሎጊን ይሰራል፣ ክፍያ አያልፍም።
አሁን የምንሞክረው፦ የማታውን ዴፕሎይ (የተጫነውን አዲስ ኮድ) መመለስ። የሚያደርገው አንድ ሰው ነው፣ ስሙ ይጻፋል።
ካልሰራ፦ የክፍያውን መስመር ዘግተን ለተጠቃሚው "ቆይተው ይሞክሩ" የሚል ገጽ እናሳያለን።
የምንገናኘው፦ 8፡30።

በቃ። 8፡30 ሲሆን የተሞከረው ሰራ ወይስ አልሰራም ተብሎ ይጻፍና አዲስ አራት መስመር ይጀመራል። አንድ ሰው ጸሐፊ ይሁን፣ አዛዡ ራሱ ባይጽፍ ይመረጣል። በአንድ ዙር የሚነካው ነገርም አንድ ነው፣ ሁለት ነገር በአንዴ ቀይረህ ሲስተሙ ቢነሳ የትኛው እንዳነሳው አታውቅም፣ ቢብስበትም የትኛው እንዳባሰው አታውቅም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን በዶላር ማየት የፈለገ ናይት ካፒታል የሚባለውን የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት ይመልከት። በፈረንጆቹ ኦገስት 1 ቀን 2012 ነው። 8 ሰርቨር ላይ አዲስ ኮድ ሲጭኑ አንዱን ዘለሉት፣ ገበያው ሲከፈት ያ የተዘለለው ሰርቨር ለዓመታት ተኝቶ የነበረ አሮጌ ኮድ ቀሰቀሰና ያለማቋረጥ ትዕዛዝ መላክ ጀመረ። ሰዎቹ ደነገጡ፣ ጥፋቱ የአዲሱ ኮድ ነው ብለው አሰቡና በትክክል ከተጫነባቸው ከ7ቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱት፣ ያኔ አሮጌው ኮድ በሁሉም ላይ ተነሳ። 45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሄደ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ ስህተት እንዳለ የሚናገር 97 ኢሜይል ለሰራተኞች ልኮ ነበር፣ ትኩረት የሰጠው አልነበረም። እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት ጥያቄ "የምንመልሰው ወደ ምንድን ነው?" የሚለውን ነው፣ ሮልባክ (ወደ ቀድሞው መመለስ) ብዙ ጊዜ ትክክለኛው የመጀመሪያ እርምጃ ነው፣ ምክንያቱን ፈልጎ እስኪገኝ ተጠቃሚው መጠበቅ የለበትም፣ ግን የምትመለስበት ቦታ ደህና መሆኑን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይመልስ፣ አስር ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ድርጅት የአይቲ ዳይሬክተር ነኝ፣ በስራው ረጅም ዓመት አሳልፌያለሁ። የሚያስቸግረኝ ከቴክኒኩ ይልቅ የበላይ አለቆቼ ናቸው። ሲስተም በወደቀ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ በየአምስት ደቂቃው "መቼ ነው የሚመለሰው?" እያሉ ይደውላሉ፣ አንድ ሰዓት ብዬ ነግሬያቸው አንድ ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ዋሾ እሆናለሁ። አልመልስም ብል ቀጥታ ወደ ልጆቹ ይደውላሉ።

መልስ፦ እርስዎ ያሉበትን ቦታ በደንብ አውቀዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሆነው አይደለም የሚደውሉት፣ እሳቸውም ከላይ የሚጠይቃቸው አለ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ስለዚህ መብራቱን ቀድመው እርስዎ ያብሩላቸው። ሲስተሙ የሚመለስበትን ሰዓት በፍጹም አይስጡ፣ ስለማያውቁት። በእጅዎ ያለው ቀጣዩን መረጃ የሚሰጡበት ሰዓት ነው፣ እሱን ይስጡና ሰዓቱን በደቂቃ ያክብሩ። መልዕክቱ እንዲህ ያህል ቢሆን ይበቃል፦ "ደንበኞች መክፈል አልቻሉም፣ ሎጊንና ሂሳብ ማየት ይሰራል። የጠፋ ዳታ እስካሁን አላየንም። የማታውን ለውጥ እየመለስን ነው። በሚቀጥለው የምነግርዎት 9፡00 ላይ ነው፣ ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም።" ያቺ "ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም" የምትለው ናት ስልኩን ዝም የምታሰኘው። ሁለት ሶስቴ በሰዓቱ ካደረጉት ሰው ይለምደዋል፣ ወደ ልጆቹ መደወሉም ይቀራል፣ ካልቀረም ልጆቹ "ዳይሬክተሩ 9፡00 ላይ ይነግሩዎታል" እንዲሉ ፈቃዱን እርስዎ ይስጧቸው፣ ይሄን በራሳቸው የማለት አቅም የላቸውም።

አዛዥና ተናጋሪ አንድ ሰው ባይሆኑ ደግሞ ይመከራል። እርስዎ ዳይሬክተር ስለሆኑ የእርስዎ ቦታ ተናጋሪነቱ ጋ ነው ባይ ነኝ፣ ውስጡን ለኢንጂነሮቹ አዛዥ ይተዉለት።

ከመናገሩ ባልተናነሰ የሚናገሩበት መንገድ አብሮ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የአማዞን ኤስ3 የሚባለው የዳታ ማከማቻ አንድ ሰራተኛ ትዕዛዝ ሲጽፍ በተፈጠረ ስህተት ከታሰበው በላይ ሰርቨር ጠፍቶ ለአራት ሰዓት ያህል ተቋርጦ ነበር፣ የሲስተሙን ጤንነት ለደንበኛ የሚያሳየው ገጻቸው ግን ለሁለት ሰዓት ያህል ሊታደስ አልቻለም፣ ምክንያቱም እሱም ኤስ3 ላይ ነበር የተደገፈው። ፌስቡክም ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ሲጠፋ የውስጥ መገናኛና መስሪያ መሳሪያዎቻቸው አብረው ጠፍተው ኢንጂነሮችን በአካል ወደ ዳታ ሴንተር መላክ ግድ ሆኖባቸዋል፣ እዛም ደርሰው ጥበቃው ጥብቅ ስለሆነ ለመግባት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ስለዚህ የሰዎቹ ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ይኑርዎ፣ ከድርጅቱ ሲስተም ውጪ የሆነ አንድ የመነጋገሪያ ግሩፕ አሁኑኑ ይከፈት።

ለደንበኛ ምን ያህል እንናገር ለሚለውም የኖርዌዩ የአሉሚኒየም ድርጅት ኖርስክ ሃይድሮ በማርች 2019 ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥቃት) ሲመታው ያደረገውን አስታውሳለሁ። ዌብሳይታቸው ወድቆ ሳለ በፌስቡክ ገጻቸው ተናገሩ፣ ጋዜጠኛ ጠርተው የደረሰባቸውን በግልጽ አስረዱ፣ ለአጥቂዎቹም አልከፈሉም። ብዙ ገንዘብ አስወጥቷቸዋል፣ ግን ስለነሱ ሲወራ እስከዛሬ በክብር ነው።

ጥያቄ፦ ጁኒየር ዳታቤዝ ኢንጂነር ነኝ። ከሶስት ሳምንት በፊት አንድ ዋጋ ለማስተካከል ፕሮዳክሽን ላይ አፕዴት (ዳታ የሚቀይር ትዕዛዝ) ጻፍኩ፣ የትኛው እቃ የሚለውን ኮንዲሽን ሳላስገባ ኢንተር ነካሁት፣ የሁሉም እቃ ዋጋ አንድ ዓይነት ሆነ። ወዲያው ነው የተናገርኩት። ከባክአፕ ተመለሰ፣ ግን ማኔጀራችን ለሁሉም ሰራተኛ በላከው ኢሜይል ላይ ስሜን ጠቅሶ ጥንቃቄ የጎደለው ስራ ብሎ ጻፈ። ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ማንኛውንም ኮማንድ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስራውን ልተወው ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። በስህተትሽ ላይ ያደረግሽውን ሁለተኛ ነገር ልብ ብለሽዋል? ወዲያው ተናገርሽ። በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ በላይ የሚፈለግ ጠባይ የለም፣ ሃያ ደቂቃ ደብቀሽው ቢሆን ኖሮ ስንት ደንበኛ በተሳሳተ ዋጋ ይገዛ ነበር?

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት ውስጥ አንድ ኢንጂነር አምሽቶ እየሰራ ነው፣ ሁለተኛው ዳታቤዝ ከዋናው ጋር እኩል መሄድ ስላቃተው ዳታውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊቀዳው ፈለገ። ማጥፊያውን ትዕዛዝ ጻፈ፣ መታው፣ አንድ ሁለት ሰከንድ እንዳለፈ ያለው ዋናው ሰርቨር ላይ መሆኑን አየ። አቋረጠው፣ ግን ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር። ይሄን ስጽፍልሽ እንኳን ሆዴ ይረበሻል። ከዛ ወደ ባክአፖቹ ሲሄዱ ደግሞ በየቀኑ ይሰራል የተባለው ባክአፕ የዳታቤዙ ቨርዥን ስላልገጠመ ለካ ምንም እየቀዳ አልነበረም፣ አልተሳካም ብሎ የሚልከው ኢሜይልም ለሰዎቹ አይደርስም ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ስራ ተብሎ የተወሰደ አንድ ቅጂ ነው፣ የስድስት ሰዓቱ ዳታ ጠፋ።

ድርጅቱ ምን አደረገ መሰለሽ፣ የማዳኑን ስራ ዩትዩብ ላይ በቀጥታ አሳየ፣ ማስታወሻቸውን ለሕዝብ ከፈቱት፣ በኋላ ባወጡት ሪፖርት ላይ ደግሞ ያንን ኢንጂነር "የቲም አባል 1" ብለው ነው የጠሩት። የጠየቁትም ማን አጠፋ ብለው አልነበረም፣ አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ትዕዛዝ ይሄን ሁሉ ማጥፋት እንዴት ቻለ፣ ባክአፑ እንደማይሰራ እንዴት ሳናውቅ ቆየን ብለው ነው። እነዚህ ጥያቄዎች የሚስተካከል ነገር ያመጣሉ። ማን አጠፋ የሚለው ጥያቄ ግን ስም ብቻ ነው የሚያመጣው፣ ስም ደግሞ አይስተካከልም።

የአንቺንም ጉዳይ እንደዛ እንየው። ጁኒየር ኢንጂነር ፕሮዳክሽን ላይ በቀጥታ የመጻፍ ፈቃድ ለምን ኖራት? አፕዴቱን ሁለተኛ ሰው ሳያየው እንዴት ሄደ? ትራንዛክሽን (እስኪጸድቅ ሊሰረዝ የሚችል ለውጥ) ከፍቶ ስንት ረድፍ ተቀየረ የሚለውን አይቶ ከዛ ማጽደቅ ለምን ግዴታ አልሆነም? ሺህ ረድፍ ሲቀየር የሚጮህ አላርም ለምን የለም? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አንድ ገጽ ላይ ጻፊና ለማኔጀርሽ ውሰጂለት፣ ይቅርታ መጠየቂያ አድርገሽ ሳይሆን የስራ ሃሳብ አድርገሽ። ከተቀበለሽ ጥሩ፣ ካልተቀበለሽ ያኔ ስለመልቀቅ ብታስቢ አልፈርድብሽም፣ ግን በደንብ ተኝተሽ ከተነሳሽ በኋላ ይሁን።

ይሄን የምታነቡ ማኔጀሮች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ያን ኢሜይል አትላኩ። ያቺ ልጅ ወዲያው ተናግራለች፣ ኢሜይሉን ያነበቡት ሌሎቹ ሰራተኞች ግን በሚቀጥለው ሲሳሳቱ ዝም ማለትን ተምረዋል፣ እናንተም የምትሰሙት ከደንበኛ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ክራይሲስ ሲመጣ የያዝነው ስፕሪንት ምን ይሁን? ስክረም ማስተራችን (ስክረም የሚባለውን የአጃይል አሰራር የምታስጠብቀው) ስፕሪንቱ መነካት የለበትም ትላለች።

መልስ፦ ትልቅ ነገር ከሆነ ስፕሪንቱን አቁሙት፣ የስክረም ደንብ ራሱ የስፕሪንቱ ግብ ትርጉም ካጣ የፕሮዳክቱ ባለቤት መሰረዝ ይችላል ይላል። የማይሆነው ሁለቱንም በአንዴ መያዝ ነው፣ ቀን አዲስ ፊቸር መስራት ሌሊት እሳት ማጥፋት፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ትንሽ ከሆነ ግን ሁለት ሰው መድቡለት፣ ሌላው ስራውን ይቀጥል። ከኢንሲደንት የወጡ የማስተካከያ ስራዎችን ደግሞ ለብቻ ዝርዝር አትስሩላቸው፣ ቀጥታ የሚቀጥለው ስፕሪንት አናት ላይ አስገቧቸው፣ ለብቻ የተቀመጠ ዝርዝር ማንም አይከፍተውም።

ጥያቄ፦ ራንሰምዌር በጣም ነው የምፈራው። በየቀኑ ባክአፕ እንወስዳለን፣ ሪፖርቱም አረንጓዴ ነው። ይሄ ይበቃል? ከዚህ ውጪ ምን እንዘጋጅ?

መልስ፦ የጊትላብን ታሪክ ከላይ አንብበሃል፣ እነሱም ባክአፕ አለን ብለው ነበር የሚያምኑት። አረንጓዴ ሪፖርት ባክአፑ ተጀምሮ አለቀ ይልሃል እንጂ ዳታው ይመለሳል አይልህም። መመለሱን የምታውቀው መልሰህ ስታየው ብቻ ነው። በወር አንድ ቀን ምረጥ፣ አንድ ሰርቨር በእጣ ይውጣ፣ ባዶ ማሽን ላይ ከባክአፕ ይመለስ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ምን ጎደለ፣ ፓስወርዱ የት ነበር የሚለው ይጻፍ። የመጀመሪያው ቀን ታፍራላችሁ፣ ሁሉም ያፍራል፣ ችግር የለውም፣ ከዚህ ቀን ነው የምታተርፉት። ቢያንስ አንዱ ቅጂ ደግሞ ከኔትወርኩ ተነጥሎ ይቀመጥ፣ አጥቂው በመጀመሪያ የሚፈልገው ባክአፕህን ነውና።

የመነጠል ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት ሜርስክ በጁን 2017 አይቶታል። ኖትፔትያ የሚባለው ጥቃት በደቂቃዎች ውስጥ በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒውተሮቻቸውን ሲዘጋ የተጠቃሚውን ሁሉ ማንነትና ፈቃድ የሚይዙት ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባሉት ሰርቨሮችም አብረው ጠፉ፣ አንዱ ለሌላው ባክአፕ ይሆናል ብለው ነበር እንጂ ሁሉም በአንዴ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። አንድ ብቻ ተረፈ፣ ጋና ቢሮ ያለው፣ እሱም በአጋጣሚ መብራት ሄዶ ከኔትወርክ ወጥቶ ስለነበረ ነው። ያንን ዳታ በሰው እጅ አጓጉዘው ነው የተነሱት። ከዛ በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ተከሉ፣ እስከዛ ድረስ ሰዉ ስራውን በእጅ እየጻፈ ነበር የሚሰራው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፣ መብራት በመሄዱ መዳን እቅድ ሊሆን አይችልም።

ስለ ልምምድ ከጠየቅክ ደግሞ ፌስቡኮች ያ ስድስት ሰዓት ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር በደንብ አድርገው ነበር፣ ቀድመው ዳታ ሴንተር ሙሉ በሙሉ እያጠፉ ይለማመዱ ስለነበር መልሰው ሲያበሩ ኤሌክትሪኩ እንዳይጨናነቅ ቀስ በቀስ ማንሳቱን ያውቁበት ነበር። አንተ ዳታ ሴንተር ማጥፋት አይጠበቅብህም። አርብ ከሰዓት አንድ ሰዓት ውሰድ፣ ስድስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥ፣ "አሁን የፋይል ሰርቨሩ ላይ ያሉት ፋይሎች በሙሉ አይከፈቱም፣ ስክሪኑ ላይ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ አለ፣ ማን ለማን ይደውላል?" በልና ዝም ብለህ አዳምጥ። ኔትወርኩን ለማቋረጥ ማን ፈቃድ አለው የሚለው ላይ ስትደርሱ እርስ በርስ መተያየት ይጀመራል። በጣም የሚጠቅመው ደቂቃ እሱ ነው፣ እዛው ወስኑና ጻፉት፣ ሌሊት ላይ ያለው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ማቋረጥ እንዲችል።

ጥያቄ፦ ቲሜ ውስጥ ሁሉን ነገር የሚያውቅ አንድ ልጅ አለ። ያለሱ ምንም አይነሳም። ባለፈው ትልቅ ብልሽት ገጥሞን 30 ሰዓት ሳይተኛ ሰራ፣ ሁላችንም አደነቅነው፣ አሁን ግን ዝምተኛ ሆኗል፣ ኢሜይልም አይመልስም። ደግሞ ብልሽቱ ሙሉ በሙሉ አላለቀም፣ ቅርንጫፎች ላይ ገና እየጠገንን ነው። ምን ላድርግለት?

መልስ፦ ዛሬውኑ ወደ ቤቱ ላከው። ከስብሰባ በኋላ አይደለም፣ አሁን። 30 ሰዓት ያልተኛ ሰው የሚነካው ፕሮዳክሽን ራሱ አደጋ ነው፣ ያ የጊትላቡ ኢንጂነርም ከረጅም ቀን በኋላ አምሽቶ ነበር የሚሰራው።

ብልሽት ሲመጣ አብዛኞቻችን ሌሊቱን የምንጨርሰው ነገር አድርገን ነው የምናስበው፣ ብዙው ጊዜም እንደዛ ነው፣ ግን የማያልቁ አሉ። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የሚባለው የደህንነት ድርጅት የለቀቀው የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲጥል የተበላሸውን ፋይል በ78 ደቂቃ ውስጥ አንስተውት ነበር፣ የወደቀው ማሽን ግን በራሱ አይነሳም፣ ብዙዎቹን ሰው በአካል ሄዶ አንድ በአንድ ነው ያስነሳቸው፣ በየአገሩ ያሉ የአይቲ ቲሞች ቀናት ፈጅቶባቸዋል። የእናንተም ቅርንጫፍ እንደዛ ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሰዉን ለሁለት መክፈል ነበረባችሁ፣ ግማሹ እየሰራ ግማሹ እንዲተኛ። አሁንም አልረፈደም፣ ስምንት ስምንት ሰዓት አድርጋችሁ ተቀያየሩ፣ አዛዡም ይቀየር፣ አንተም ጭምር።

ሁሉን የሚያውቀው ልጅ ደግሞ እረፍት ጨርሶ ሲመለስ ለሁለት ሳምንት ኪቦርድ አይንካ። ሌላ ልጅ ኪቦርዱ ላይ ትቀመጥ፣ እሱ አጠገቧ ሆኖ በቃል ይንገራት፣ የሚነግራትን ሁሉ እሷ ትጻፈው። ቀርፋፋ ይሆናል፣ እሱም ትዕግስቱ ያልቃል፣ "ቆይ እኔ ላድርገው" ማለቱ አይቀርም፣ ያኔ አንተ እዛው ሆነህ እጁን ትይዘዋለህ። ዛሬ ግን ከመሄዱ በፊት አስር ደቂቃ ብቻ ከተረካቢው ጋር አስቀምጠውና ሶስት ነገር ይናገር፦ የትኞቹ ቅርንጫፎች ተነስተዋል፣ የትኛው ላይ በግማሽ ቀርቷል፣ የትኛውን ያለሱ ማንም እንዳይነካው። ተረካቢው መልሶ ይድገምለት፣ ከዛ ስልኩን አጥፍቶ ይሂድ፣ እንዲያጠፋው አንተ ራስህ ንገረው።